ትከሻዬ ሌላ፣ ቆዳዬ ሌላ

ያን ቀን ጠዋት ስነቃ ግራ እጄ ደንዝዞ ነበር። "ተኝቼበት ነው" አልኩ። ማንም ሰው የሚለው ነው። በቀኝ እጄ ጣቶቼን አሸት አሸት አደረግኳቸው። ልነሳ ስል ግራ እግሬ ከዳኝና ከአልጋው ጠርዝ ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያም ሆኜ "ትንሽ ልቆይ፣ ይለቀኛል" እያልኩ ነበር። ልጄ በሩን ከፍታ ስታየኝ ከንፈሬ በአንድ በኩል ወርዷል።

ስትሮክ ነበር፤ የረጋ ደም የአንጎሌን የደም ሥር ዘግቶት። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ ስትሮኩ ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። የኔ መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ሳይሰጠኝ ቀረ። ይህን የምጽፈው ለቁጭት አይደለም። አንድ ጎኑ ደንዝዞ የነቃ ሰው እንደኔ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ ብዬ ነው። የተኛንበት እጅ ትንሽ ይወርረናል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ምላስ ከተሳሰረ ግን ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ይህ ከሆነ 3 ዓመት አልፎታል። አሁን እሄዳለሁ። በዝግታም ቢሆን ደረጃ እወጣለሁ። ፊቴ ተስተካክሏል። ያየኝ ሁሉ "እንኳን ማረሽ፣ ምንም አልቀረብሽም እኮ!" ይለኛል። ከልባቸው ነው፣ እኔም ከልቤ አመሰግናለሁ። ግን የቀረብኝ ነገር አለ። ከውጭ ስለማይታይ ነው። ምን እንደሆነ እኔ ራሴ እስካውቀው ድረስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል፤ ያን ያህል መፍጀት አልነበረበትም። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዷን ሌሊት አልረሳትም። ጨለማ ነው። በጎኔ ልዞር ስል ቀኝ እጄ አንድ ነገር ነካ። የሰው እጅ ነው። ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ የማይንቀሳቀስ። ደነገጥኩ። ማነው አልጋዬ ውስጥ ያለው? ጣቶቹን ይዤ ወደ ላይ እየዳበስኩ ተከተልኩት። አንጓው፣ ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ ክርኑ። ክርኑ ጋ ስደርስ የራሴ መሆኑ ገባኝ። የገባኝም በቀኝ እጄ በኩል ነው እንጂ ግራው ምንም አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ መብራት ሳላበራ መተኛት አልቻልኩም።

ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን መንካት ይችላል። የሚችለው ጡንቻውና መገጣጠሚያው "እዚህ ነኝ፣ ይህን ያህል ታጥፌያለሁ" እያሉ ሌት ተቀን ለአንጎል መልእክት ስለሚልኩ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሸሪንግተን ለዚህ ስሜት ፕሮፕሪዮሴፕሽን የሚል ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ብለን ስንቆጥር ይህኛው አይቆጠርም። መኖሩን ያወቅሁት ሲጠፋብኝ ነው። ግራ እጄን የማገኘው በዓይኔ ነበር፤ ካላየሁት የለም። በር ይመታዋል፣ ከወንበር ጎን ተንጠልጥሎ ይረሳል።

መንቀሳቀስና መሰማት ለየቅል መሆናቸውንም የዚያን ጊዜ ተማርኩ። በ4ኛው ወር ጣቶቼን መጨበጥ ቻልኩ። ቤቱ ሁሉ ተደሰተ። ብርጭቆ ስጡኝ አልኩና ያዝኩት። እያየሁት ይቆያል። ሰው ጠርቶኝ ቀና ስል ወደቀ። አልለቀቅኩትም፣ ወይም እንዳልለቀቅኩት ነበር የመሰለኝ። ጣቶቼ ጠበቅ ማድረጋቸውን ወይም ላላ ማለታቸውን የሚነግረኝ አልነበረም። ሰዎች "ትኩረት አድርጊ እንጂ" ይሉኝ ነበር። ትኩረትማ ነበረኝ። ያጣሁት ወሬ የሚያመጣልኝን ነበር።

ትከሻው ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ።

ትከሻ ከመገጣጠሚያዎቻችን ሁሉ የበለጠ በብዙ አቅጣጫ ይዞራል። ይህን ነጻነት ያገኘው ጠልቆ ባለመቀመጡ ነው። የክንድ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው። የሚያርፍበት ጎድጓዳ ደግሞ ትንሽና ጥልቀት የሌለው። ትልቅ ኳስ ትንሽ ሳህን ላይ እንደማስቀመጥ በሉት። እንዳይንሸራተት የያዙት ዙሪያውን የከበቡት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ስትሮክ ሲመጣ እነሱ ይዝላሉ። ያኔ የክንዱ ክብደት ብቻውን ኳሱን ወደ ታች ይጎትተዋል። እኔ ትከሻዬ ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ወጥቶ ነበር። በልብስ ላይ እንኳን ያስታውቃል።

እንዲህ በላላበት ጊዜ ተጎተተ። ማንም ክፋት አላሰበም። ከአልጋ ሊያነሳኝ የፈለገ ሰው ግራ እጄን ይይዝና ይስበኛል። ሌላው ብብቴ ውስጥ እጁን አስገብቶ ወደ ላይ ያነሳኛል። እኔ ስለማይሰማኝ ዝም እላለሁ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የደነዘዘ እጅ "ኧረ ቀስ!" አይልም። ባለቤቷም አልልለትም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጎዳ አላውቅም። ስሜቱ መመለስ ሲጀምር ከሁሉም ቀድሞ የመጣው የትከሻዬ ሕመም ሆነ።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ደረቴ ላይ ያለው ጡንቻ እየጠነከረ ክንዴን ወደ ሆዴ ሰበሰበው። ሸሚዝ መልበስ ፈተና ሆነ። አንድ የሚወደኝ ሰው ከላይ ገመድ ሰቅዬ በደህናው እጄ የታመመውን ወደ ላይ እየሳብኩ እንድሠራ መከረኝ። ቶሎ ለመዳን ጓጉቼ ስለነበር በቀን ሦስት ጊዜ ሠራሁ። ትከሻዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከበፊቱ በብዙ ባሰበት። ይህ ዓይነት የገመድ ልምምድ ከስትሮክ በኋላ ላለ ትከሻ እንደማይመከር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ከጀርባ ያለው የትከሻ አጥንት አብሮ መዞር አለበት። የደከመ ጎን ላይ አይዞርም። ገመዱ ክንዱን ብቻ ሲስበው በመሃል ያለው ሥጋና ጅማት በአጥንትና በአጥንት መካከል ይጨፈለቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለሐኪሞቼ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ግራ እጄን ያመኛል።" እነሱም ማስታገሻ ያዙልኛል። እውጣለሁ። ትንሽ ይሻለኛል፣ ግን አይሻለኝም። እንዲህ ስል ግራ የሚገባቸው አሉ። "ተሻለሽ ወይስ አልተሻለሽም?" ይሉኛል። መልስ አልነበረኝም። እንደውም አንዱ "ጭንቀት ነው" ብሎኝ አልቅሼ ወጥቻለሁ።

ነገሩን የፈታችው አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። የመጀመሪያ ቀን ሕመሙ ከአስር ስንት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። "እማማ፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚያምዎት?" አለችኝ።

"ያመኛላ" አልኳት።

"አይ፣ ምን ያደርግዎታል? ይወጋዎታል? ይቆረጥምዎታል? ያቃጥልዎታል?"

እስካሁን ድረስ ያ ጥያቄ ይገርመኛል። ለካ አማርኛችን ለሕመም ስንት ቃል አለው! ውጋት አለ፣ ቁርጥማት አለ፣ ጥዝጠዛ አለ። ቁጥቆጣው፣ ልብለባው፣ ንዝረቱ፣ ምዝመዛው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። ጥርስ ይጠዘጥዛል እንጂ አይለበልብም። ቃሎቹ አፌ ላይ እያሉ አንድም ቀን ለሐኪም ተናግሬያቸው አላውቅም። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ቃላችን ያንሳል መሰለኝ፤ "ያመኛል" ብለን እንቀመጣለን።

ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። "ትከሻዬን ይጠዘጥዘኛል። ሲያነሱት ደግሞ ይወጋኛል። ከክርኔ በታች ግን…" ብዬ ቆምኩ። እዚያ የሚጠዘጥዘኝ ነገር የለም። "ከክርኔ በታች ይለበልበኛል። ይቆጠቁጠኛል። ብርድ ሲነካው ያቃጥለኛል።"

ዝም ብላ ስትጽፍ ቆየች። ከዚያ "ሁለት ናቸው" አለችኝ። "ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ለነርቭ ሐኪምዎ ልክ እንዲህ አድርገው ይንገሩት።"

ነገርኩት። ጥጥ አምጥቶ ክንዴ ላይ አሻሸው። ጥጥ ነው፣ ግን በሳማ የተገረፍኩ ያህል ዘለልኩ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገኝ። መርፌው አይሰማኝም። የሚወጋው ሳይሰማኝ የሚያባብለው ያቃጥለኛል። እኔ ይህን ለሰው ለመናገር አፍር ነበር፤ ማን ያምነኛል ብዬ። ሐኪሙ ግን አልገረመውም። የአንጎል ምስሌን አወጣና ከመሃል በስተቀኝ ያለች ትንሽ ጠባሳ አሳየኝ። ታላመስ የሚባለው ቦታ ነው። ከሽታ በስተቀር ከአካላችን የሚነሳ ስሜት ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ከመድረሱ በፊት በዚያ በኩል ያልፋል። ፈረንሳውያኑ የነርቭ ሐኪሞች ዴዠሪንና ሩሲ እዚያ ቦታ ከተጎዳ በኋላ የሚመጣውን የማያቋርጥ የአንድ ጎን ሕመም የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ሸሪንግተን ለዚያ ስሜት ስም ባወጣበት በዚያው ዓመት። ከመቶ ዓመት በላይ የሚታወቅ ነገር ይዤ ነው "ማን ያምነኛል" እያልኩ የከረምኩት።

እንደገባኝ ልንገራችሁ። እጄ ላይ ምንም ቁስል የለም። የተጎዳው የእጄን ወሬ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ቦታ ነው። ወሬው ሲቋረጥበት አንጎል ዝም አይልም። ያልተላከውን መልእክት እየፈጠረ፣ የተላከውን እያዛባ ያሰማል። ንክኪው ቃጠሎ፣ ቅዝቃዜው እሳት የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜም ወዲያው አይጀምርም። ሰው "አሁንስ ደህና ነኝ" ማለት ሲጀምር፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመጣል። የኔ የጀመረው ጣቶቼን መጨበጥ በቻልኩበት ሰሞን ነበር። ያ "ጭንቀት ነው" ያለኝ ሰው ትዝ ይለኛል። ሕመሙ ያለው አንጎሌ ውስጥ ነው፣ እውነት ነው። ግን በምስል የሚታይ ጠባሳ ነው እንጂ ያሰብኩት ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚገርመኝ ነው። ከእጄ ጋር አብሮ የደነዘዘው የከንፈሬ ግራ ጫፍ ነው። እጅና ከንፈር ምን አገናኛቸው? አንጎል ውስጥ ጎረቤት ናቸው። የእጅ ስሜት የሚስተናገድበት ቦታና የፊት ስሜት የሚስተናገድበት ቦታ ጎን ለጎን ነው። አንድ ትንሽ ጉዳት ሁለቱን አንድ ላይ ይመታቸዋል። እስከ ዛሬ ስጠጣ በግራ በኩል ጠብ ቢል አላውቅም፤ ልጄ ናት በዓይኗ የምትነግረኝ።

ሁለት መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ሕክምናውም ሁለት ሆነ።

ለቃጠሎው ተራ ማስታገሻ እምብዛም አይረዳም። ስወስደው የኖርኩት መድኃኒት የሚሠራው ለትከሻዬ ብቻ ነበር። "ይሻለኛል፣ ግን አይሻለኝም" ያልኩት ትክክል ነበርኩ ማለት ነው! ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት ሌሎች ናቸው፤ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን፣ ላሞትሪጂን፣ ዱሎክሴቲን። የትኛው ለማን እንደሚስማማ ተሞክሮ ነው የሚታወቀው። እኔን የመጀመሪያው እንቅልፍ በእንቅልፍ አደረገኝና ተቀየረ። ሁለተኛው ከትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ቃጠሎው አልጠፋም፣ ግን ራቅ አለ። ጎረቤት የከፈተው ሬዲዮ እንደሚሰማው ሆነ። ሹራብ መልበስ የቻልኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከመልበሴ በፊት ጨርቁን በቀኝ እጄ ዳብሼ አየዋለሁ፤ ሸካራ ከሆነ አልነካውም። ሰፊና ቀላል እጅጌ ክንዴ ላይ እያለፈ ስለሚያሻሸኝ ያንገበግበኛል። ገጠም ያለ ለስላሳ እጅጌ ይሻለኛል።

ትከሻው ደግሞ የሚፈልገው ድጋፍ ነው። ያቺ ፊዚዮቴራፒስት ክንዴን ስታነሳ አንድ እጇን ከጀርባዬ ትከሻ አጥንት ላይ ታደርጋለች፣ ሌላውን ከክርኔ ሥር። አጥንቱን ወደ ፊት አዙራ ነው ክንዱን የምታስከትለው። ሳልፈራ ያነሳሁት የመጀመሪያ ቀን እሱ ነው። ስቀመጥ ክንዴ አይንጠለጠልም፣ ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ስለብስ የታመመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ ሳወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በቀን ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሥቃይ የቀነሰልኝ እሱ ነው። ለጠነከረው የደረት ጡንቻ ቦቱሊነም መርፌ ተወጋሁ። ለወራት ለቀቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ እንደገና እወጋለሁ። መጋጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የረዳቸውም አሉ።

ቤት ውስጥ ስትሮክ የያዘው ሰው ያላችሁ እባካችሁ እጁን ይዛችሁ አትሳቡት። ብብቱ ውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁም አታንሱት። ዝም ስላለ አልተጎዳም ማለት አይደለም። እጁ ድንገት ካበጠ፣ ቆዳው ቀልቶ ወይም ጠቁሮ መብለጭለጭ ካመጣ፣ ጣቶቹ ሲነኩ ካስጮኹት ደግሞ ሌላ ነገር ስለሆነ ለሐኪም ቶሎ ንገሩ። ውኃ ከመንካቱ በፊት በደህናው እጁ ይለካ። እኔ የፈላ ውኃ ላይ እጄን አሳርፌ ያወቅሁት ቆዳው ሲቀላ አይቼ ነው።

ስሜቱን የማስተማር ሥራም አለ። በየቀኑ ከረጢት ውስጥ የበር ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የልብስ አዝራር፣ እርሳስና የጠርሙስ ክዳን እከታለሁ። ሳላይ በግራ እጄ ዳብሼ ስማቸውን እጠራለሁ። መጀመሪያ ሁሉም "አንድ ነገር" ነበሩ። ከወራት በኋላ እርሳሱ ረጅም መሆኑ ገባኝ። ቁልፉን የለየሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። የቁልፉ ጥርሶች ጣቴ ላይ ትር ትር አሉ። ያን ስሜት ከጠፋ ዘመድ የመጣ ደብዳቤ ያህል ነው የቆጠርኩት። ሳንቲምና አዝራር ግን እስከ ዛሬ ይምታቱብኛል።

አንዳንድ ቀን ሁለቱም ሕመሞች አንድ ላይ ይነሳሉ። ብርድ ሲሆን፣ እንቅልፍ ሳጣ፣ ስናደድ። እንዲህ ባለ ቀን ትዕግሥቴ አጭር ነው፣ ቤተሰቤም ያውቀዋል። ደህና መስዬ ደህና ያልሆንኩበትን ማስረዳት ራሱ ድካም ነው። ስለዚህ ከልጄ ጋር አጭር ቋንቋ አበጀን። "አመመሽ?" አትለኝም አሁን።

ትናንት ሌሊት ስገላበጥ ሰምታ መጣች። መብራቱን አላበራችም።

"እማዬ፣ የላዩ ነው የታቹ?"

"የላዩ" አልኳት።

"ይጠዘጥዝሻል?"

"ይጠዘጥዘኛል።"

የታቹ ቢሆን ኖሮ ብርድ ልብሱን ከክንዴ ላይ ታነሳልኝ ነበር። አሁን ግን ትራሱን አመጣች። ቀስ ብላ አንድ እጇን ከጀርባዬ አስገባች፣ ሌላውን ከክርኔ ሥር አደረገች። ትከሻዬን ወደ ፊት አዙራ ክንዴን ትራሱ ላይ አስተኛችው። እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

"አሁንስ?"

"ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ። እዚህ ጋ። አዎ።"